በክብሪት እንጨት የተደፈነ ቀዳዳ

ሚያዝያ 14 ቀን፣ ረቡዕ፣ ወንድሜ ሞተ። በወንድሜ የሥራ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጋስኬት፣ በሁለት ብረት መሐል የሚገባ የማፍሰስ መከላከያ ስስ ወረቀት፣ ሳያልቅ ቀርቷል። ዙሪያውን ቆርጦ አስተካክሏል፤ ከአራቱ የብሎን ቀዳዳዎች ሦስቱን በስቷል። አራተኛዋ በእርሳስ ተከባለች፤ መብሻው ከጎኗ ተጋድሟል። ሐኪሙ "ልቡ ነው፤ ብዙም አልተሰቃየም" አለኝ። ሐኪሙ ወንድሜን አያውቀውም። አራተኛዋን ቀዳዳ ሳይበሳ መሄድ ለእሱ ስቃይ ነው።

የተማርኩትም የምሠራውም መዝገብ መጠበቅ ነው፤ ስለዚህ ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትንም ከማን እንደሰማሁ እጽፋለሁ።

ወንድሜ ሜካኒክ ነበር። ሰዉ "ጠብታ" ይለዋል፣ መኪና ከየት እንደሚያፈስ በማግኘት የሚስተካከለው ስላልነበረ። ከሞተሩ ሥር ተንበርክኮ እንደ ድመት ያሸታል። ዘይት ከሆነ ዘይት፣ የሞተር ማቀዝቀዣው ኩላንት ከሆነ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚለው ሽታው ያጋልጠዋል። ጋራዡ ሁለት መኪና ብቻ የሚይዝ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። አንደኛው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ምስማር ነው፤ በየምስማሩ አንድ የተበላሸ ዕቃ ከነካርዱ ተሰቅሏል። ካርዱ አራት መስመር አለው፤ ቀን፣ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ "ቀድሞ የነካው ማን ነው?"። አራተኛውን መስመር የመኪናው ባለቤት በገዛ እጁ ይሞላል፤ ይፈርማል። ሳይፈርም የሚሄድ የለም። ሕጉ በሩ ላይ በቀለም ተጽፏል።

"መኪና ላሠራ ነው የመጣሁት ኑዛዜ ልሰጥ?" ይሉት ነበር ደንበኞቹ።

"ኑዛዜ ለሚሞት ነው" ይላቸዋል። "እሷ ትድናለች።"

ከሁሉ በላይ፣ ያለ መሰላል በማይደረስበት ምስማር ላይ፣ ካርድ የሌለው አንድ የዛገ የውሃ ፓምፕ ነበር። ለምን ካርድ እንደሌለው ለሚጠይቀው ሁሉ "ገና አልተጻፈም" ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

የዚያ ፓምፕ ታሪክ ይህ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ወንድሜ የአንድ ትራንስፖርት ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። የጋራዡን ኃላፊ ሁሉም "አለቃ" ነው የሚለው። አንድ ቀን አንዲት የሠራተኛ ማመላለሻ ሚኒባስ ውሃ ታንጠባጥባለች ተብላ ገባች። ወንድሜ አያት። በውሃ ፓምፑ ሆድ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። የውስጡ ላስቲክ ሲያረጅ ውሃው በዚያች ቀዳዳ ይወጣል እንጂ ወደ ኩሽኔታው፣ ማለትም ዘንጉ ወደሚሽከረከርበት ክፍል አይገባም። ወንድሜ ያቺን ቀዳዳ "ምስክሯ" ነው የሚላት። ምስክሯ እያነባች ነበር። በብልሽት ማሳወቂያው ላይ "ፓምፑ ይቀየር፤ ሳይቀየር መኪናዋ እንዳትወጣ" ብሎ ጽፎ ለአለቃ ሰጠ። የወረቀቱ ቁጥር 417 ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ሳይገባ ሚኒባሷ ወጣች። ቀዳዳዋ ተደፍና ነበር። ዳገት መሐል ኩሽኔታው ነክሶ ቆመ፤ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጊያ ተበጠሰ፤ ውሃው ፈላ። ሾፌሩ "ተሠርታለች" ተብሎ የተረከበ ሰው ነውና ቢበዛ ውሃ ጎድሏት ነው ብሎ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ። ከግራ አገጩ እስከ ጆሮው ያለው ቆዳ ዛሬም የሌላ ሰው ይመስላል።

አለቃ ወንድሜን ጠርቶ አንድ የተጻፈ ወረቀት ዘረጋለት። "ፈርም። በማስጠንቀቂያ ይታለፋል። እኔ አለሁልህ።" ወረቀቱ "ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ" ይላል። ወንድሜ ያኔ ወጣት ነበር፣ አለቃውንም ያምን ነበር። በጠዋት ፈረመ፤ ከሰዓት ተባረረ። ሲወጣ ከቁርጥራጭ ብረቱ ክምር ላይ የሚኒባሷን ፓምፕ አንሥቶ በምሳ ቦርሳው ይዞት ወጣ። ድርጅቱ በየዕቃው ላይ የመኪናውን ቁጥር በመብሻ ይመታ ስለነበር የየትኛዋ እንደሆነ አያጠራጥርም።

ሾፌሩ ከዚያ በኋላ መሪ አልያዘም። ወንድሜ ጋራዡን ከከፈተበት መንገድ ጥግ ላይ ትንሽ ሱቅ አለው፤ ሳሙና፣ ምላጭ፣ ባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። በመካከላቸው መቶ እርምጃ አይሞላም። ወንድሜ ባለፈ ቁጥር ሾፌሩ ያንን የተቃጠለ ጉንጩን ወደ መንገዱ ያዞራል። አይሰድበውም፣ አያናግረውም። ለወንድሜ ከመባረሩ ይልቅ ይህ ነበር እሳቱ። አንድ ቀን ብቻ ሊያስረዳ ሄዶ ሾፌሩ የሱቁን መስኮት ዘጋበት። ከዚያ ወዲያ ከሱቁ የእጅ ሳሙናውን የምገዛለት እኔ ነበርኩ።

ከአራት ዓመት በፊት ድርጅቱ ተዘግቶ መዛግብቱ ወደ እኛ መሥሪያ ቤት መጡ። የብልሽት ማሳወቂያዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። 416 አለ። 418 አለ። በመካከላቸው የተቀደደ ጠርዝ ብቻ ነው። በወንድሜ የግል ማኅደር ውስጥ ግን የፈረመው ወረቀት ሳይታጠፍ ተቀምጧል፤ ጽሑፉ ሁሉ የአለቃ እጅ ነው፣ የወንድሜ ፊርማው ብቻ ነው። ይህን ስነግረው "እንግዲያው አለቃም አንድ ቀን ይፈርማል" አለኝ።

"አስገድደህ ብታስፈርመው ዋጋ የለውም" አልኩት። "አንተም እንዲያ ነው የፈረምከው።"

"ማን ያስገድደዋል?" አለ። "ይመጣል። መኪናው አሮጌ ናት።"

ሚያዝያ 8፣ ሐሙስ፣ መጣ።

ሐሙስ ሐሙስ ምሳ ሰዓቴን ጋራዡ ውስጥ ካርዶቹን በቀን በቀን ስደረድርለት አሳልፋለሁ። ጎታች መኪና ሠላሳ ዓመት የሞላት አረንጓዴ አውቶሞቢል ከበሩ ላይ አወረደና ሄደ። ከእሷ ኮቱ የተተኮሰ ሽማግሌ ወጣ። ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ከሥር ከተኛበት መኪና ወጥቶ ቆመ፤ እጁን ጠረገ።

"አንተ ነህ እንዴ! ጠብታ!" አለ አለቃ። ደንገጥ ብሎ ነበር፣ ግን ቶሎ ሳቀ። "ጎታቹ አንድ ጎበዝ አለ ሲለኝ አንተ ትሆናለህ አላልኩም። ደግ ነው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።"

"ልክ ነዎት ጋሼ" አለ ወንድሜ። "ሰይጣኑን ሁለታችንም እናውቀዋለን።"

"ያለፈውን ይዘህ የለህም መቼስ። ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።"

"አይሠራም ጋሼ። ጣሪያው የት እንዳፈሰሰ ግን ይታወቃል። ምን ሆነችብዎ?"

"ድንገት ነው። ጠዋት ደህና ነበረች። መንገድ ላይ የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ነካ፤ ከዚያ ጭስ በጭስ። ሥሯ ኩሬ ሆነ።"

"ክዳኑን ከፈቱት?"

"ሞኝ አደረግከኝ? የፈላ ራዲያተር ማን ይከፍታል?"

"'ተሠርታለች' ተብሎ የተሰጠው ሰው ይከፍታል፣ ጋሼ።"

አለቃ ኮቱን አራገፈ። አቧራ አልነበረበትም። ወንድሜ የዘይት ጣሳ ገልብጦ አስቀመጠው፤ የሚጠጣ ውሃም ሰጠው። "እስክትበርድ እንጠብቃለን" አለው። አርባ ደቂቃ ጠበቁ። አለቃ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጡረታው፣ ስለ ዘንድሮ ወጣት ሜካኒኮች ስንፍና አወራ። ግድግዳውን ግን አላየም፤ የሌላ ሰው ሥራ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው።

መኪናዋ ስትበርድ ወንድሜ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ፈታ። መጀመሪያ የሞተሩን ዘይት መለኪያ መዝዞ አየ፤ ወተት አልመሰለም፤ ውሃ ወደ ዘይቱ አልገባም ማለት ነው። ራዲያተሩን ውሃ ሞላ። ሥሯ ንጹሕ ካርቶን ዘረጋ። ከዚያ በራዲያተሩ አፍ ላይ ባለ መርፌ የእጅ ፓምፕ ገጠመና እጀታውን ለአለቃ አቀበለው።

"እኔ?"

"እርስዎ ይግፉ። እኔ ከሥር ልይ። ክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ጋር ሲደርስ ያቁሙ።"

አለቃ ገፋ። በመኪናው ሥር የወንድሜ ባትሪ ወዲያ ወዲህ አለ። "የላይኛው ቱቦ ደረቅ" ይላል፣ "የታችኛው ደረቅ። ራዲያተሩ ደረቅ። የማሞቂያው ቱቦ ደረቅ። መርፌው የት ነው?"

"እየወረደ ነው።"

"ይግፉ ጋሼ፣ ይግፉ። ሲያሠሩን እንዲህ አይሉንም ነበር?"

አለቃ አልቦታል። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሆነ። ካርቶኑ ላይ ጠብ አለ፤ ከሞተሩ ፊት ለፊት፣ በቺንጊያው በኩል። ወንድሜ እጁን ሰዶ የፓምፑን መዘውር ያዘና ነቀነቀው። እንደ ልጅ ጥርስ ተወዛወዘ።

"ፓምፑ ነው" አለ ከሥር። "ኩሽኔታው አልቋል። ዘንጉ ሲወዛወዝ ላስቲኩን ቀደደው። ለዚህ ነው ድንገት የሆነብዎ።"

ቺንጊያውን አወለቀ፤ ማራገቢያውን ፈታ፤ አራቱን ብሎኖች አወጣ፤ አሮጌውን ፓምፕ እንኳን ሳያየው ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። ከመደርደሪያው ልክ የሆነ አዲስ ፓምፕ አወረደ። የሞተሩን ፊት በምላጭ ፋቀ፤ የድሮው ጋስኬት ቅንጣት እስኪጠፋ ድረስ በጣቱ እየዳሰሰ። አዲሱን ጋስኬት በእጁ ቆረጠ።

አለቃ ሊሸና ሲወጣ ወንድሜን ጠጋ አልኩት። የዚያን ቀን ያሰብኩትን አልደብቅም። "አንዷን ብሎን ላላ አድርጋት" አልኩት።

"እብድ ነሽ?" አለኝ። "እኔ የእሱን ሥራ ልሥራለት? አርፈሽ ካርድሽን ደርድሪ እታለም። ቂም እንደ ብሎን ነው፣ ካለልኩ ካጠበቅሽው ይበጠሳል።"

ብሎኖቹን አቋርጦ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ እኩል አጠበቃቸው። ኩላንቱን ሞላ፤ የመኪናዋን ማሞቂያ ከፍቶ ሞተሩን አስነሣ፤ አየሩ በአረፋ እስኪያልቅ ጠበቀ። የእጅ ፓምፑን እንደገና ገጠመ። ሩብ ሰዓት ሙሉ መርፌው ፀጉር ታህል አልወረደም። ክዳኑንም ሞክሮ የውስጡ ስፕሪንግ ስለደከመ ቀየረው። ከዚያ ቁልፉን ለአለቃ ሰጠው።

"ዞር ዞር ያድርጓት።"

አለቃ ዞር ብሎ ተመለሰ፤ ፊቱ በርቷል። "እጅህ ይባረክ! ጸጥ ብላለች እኮ። ድሮም እኔ ነኝ ያሠለጠንኩህ።"

"ካርድ ይቀራል ጋሼ።"

ወንድሜ አሮጌውን ፓምፕ በቤንዚን አጠበና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ቆሻሻው ሲለቅ ቀዳዳዋ ታየች። በግራጫ ስቱኮ ተደፍናለች፤ ከስቱኮው መሐል የክብሪት እንጨት ጥቁር ጫፍ ብቅ ብሏል። ወደ ላይኛው ምስማር ቀና ብዬ አየሁ። የወንድሜ ድምፅ ግን ማር ነበር።

"ይቺን ቀዳዳ የደፈናት ሰው እጁ ሥራ ያውቃል። ስቱኮ ብቻ ቢያደርግባት ግፊቱ ይተፋው ነበር። እንጨቷ ናት የያዘችው።"

አለቃ ሳቀ። "ገባህ አይደል? እኔ ነኛ! ባለፈው ዓመት ማንጠባጠብ ስትጀምር። ክብሪቱን ለኩሰህ ታጠፋለህ፤ የተቃጠለው ጫፍ ወደ ውጭ፤ ጥሬው ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ይነክሳል።"

"ከማን ተማሩት ጋሼ?"

"ከማንም! የራሴ ዘዴ ነች። ለማንም አሳይቼ አላውቅም።"

"እንግዲያው እንዳይጠፋ ይጻፉት።"

እስክሪብቶውን ከኮቱ ኪስ ያወጣው ራሱ ነው። "ቀድሞ የነካው ማን ነው?" በሚለው ሥር በዚያ በማውቀው ዘንባላ ጽሕፈቱ እንዲህ ጻፈ፦ "በስቱኮና በክብሪት የደፈንኩት እኔው ነኝ። ዘዴው የራሴ ሲሆን ሌላ የሚያውቀው የለም።" ፈረመ። ቀን አደረገ።

ወንድሜ መሰላሉን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። ወጣ። ካርድ የሌለውን ፓምፕ አውርዶ ከሌላው ጎን አኖረው። በብረቱ ላይ የሚኒባሷ ቁጥር ተመትቷል። በቀዳዳዋ ላይ ግራጫ ስቱኮ፤ ከመሐሉ ጥቁር የክብሪት ጫፍ።

"አሥራ አንድ ዓመት አልነካኋትም" አለ። "መርፌ ይኸውልዎ። እርስዎ ይክፈቷት።"

አለቃ መርፌውን አልተቀበለም። ወንድሜ ራሱ ከሁለቱም ስቱኮውን ፈለፈለ። ሁለት ስባሪ የክብሪት እንጨት፣ ሁለቱም ጫፋቸው የተቃጠለ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ተኙ። መንትያ ናቸው።

"ምን ትፈልጋለህ?" አለ አለቃ። ድምፁ ሌላ ሆነ።

"ምንም። መኪናዎ ተሠርታለች። ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ነው።"

"ካርዷን ስጠኝ።"

"ካርድ እዚህ ቤት ነው የሚቀረው። በሩ ላይ ተጽፏል፤ ሲገቡ አላነበቡትም እንጂ።"

"ተው እንጂ! በሽማግሌ ትጫወታለህ? ያኔ ልጆች ነበሩኝ፣ ሥራ ነበረኝ…"

"እኔም ሥራ ነበረኝ። ሾፌሩም ፊት ነበረው።" ወንድሜ እጁን ወደ ጥጉ ዘረጋ። "ሱቁ ያ ነው። ይሂዱና ይንገሩት። እኔ አላስገድድዎትም፤ ማስገደድ የእርስዎ ዘዴ ነው።"

አለቃ መኪናው ውስጥ ገባ። ጥጉን ላለማለፍ ብሎ በጠባቡ መንገድ ሦስቴ ወደፊት ሦስቴ ወደኋላ ብሎ አዞራት፤ በመጣበት ሄደ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ጆሮውን ጣል አድርጎ ሰማ።

"ሞተሯን ሰማሽ? እንደ ሰዓት። ከዛሬ ጀምሮ በነዳት ቁጥር የሚሰማው እኔን ነው።" ከዚያ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ አሥራ አንድ ዓመት አላየሁትም ነበር።

"ለሾፌሩ ውሰድለት" አልኩት።

"አልሄድም። መስኮት የተዘጋብኝ እኔ ነኝ።"

በቂሙ ውስጥ ሾፌሩም ድርሻ እንዳለው ያኔ ገባኝ። ስለዚህ ቅዳሜ ሁለቱን ፓምፖች፣ ሁለቱን ስባሪ እንጨቶችና ካርዱን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሱቁ መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። ሾፌሩ በመብሻ የተመታውን ቁጥር በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ካርዱን አነበበ፤ እንደገና አነበበ። የአለቃን ጽሕፈት ለዓመታት በመውጫ ፈቃዶቹ ላይ አይቷታል፤ ማንነቱን እንድነግረው አልጠየቀኝም።

"እኔ እኮ…" አለ፤ አልጨረሰውም። ጉንጩን አሸት አሸት አደረገ። ካርዱን መለሰልኝና "ሳሙና መጨረሱ አይቀርም" አለኝ። "ከእንግዲህ አንቺ አትምጪ። ራሱ ይምጣ በዪው።"

ነገርኩት። "ይጠብቅ" አለ ወንድሜ። "እኔ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ፤ እሱ አምስት ቀን ቢጠብቅ አይሞትም።"

ካርዱን በተመለከተ የሙያዬን ሕግ አልጣስኩም። በመዝገብ ውስጥ ያልነበረ ወረቀት አይጨመርም። በተለየ ማኅደር አኖርኩት፤ በ416 እና በ418 መካከል ባለው ክፍት ቦታ ላይ ማኅደሩ የት እንደሚገኝ የሚናገር ማመላከቻ ወረቀት አደረግሁ። በወንድሜ የግል ማኅደር ላይም እንዲሁ። ያንን የተፈረመ ወረቀት የሚያወጣ ሁሉ ይህንንም ያገኛል።

ወንድሜን ከቀበርን በሦስተኛው ቀን አለቃ ቤታችን መጣ። በእግሩ ነበር የመጣው፤ መኪናዋን የት እንደተዋት አልጠየቅሁም። ከበሩ አላሳለፍኩትም።

"ልጄ" አለኝ፣ "እሱም አለፈ። እኔም ሽማግሌ ነኝ። ያቺ ወረቀት ከእንግዲህ ለማን ትጠቅማለች?"

"መዝገብ ገብታለች" አልኩት። "ቁጥሯን ልስጥዎ?"

ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። አሜን አላልኩም።

የወንድሜን የመጨረሻ ቀን ጠዋት የሰማሁት ከሾፌሩ ነው። ረቡዕ ሦስት ሰዓት ሲሆን ወንድሜ ቱታውን ለብሶ፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ፣ በመንገዱ መሐል መጣ። ሾፌሩ መስኮቱን ከማለዳው ጀምሮ ወለል አድርጎ ከፍቶ ነበር። ፊቱን አላዞረም።

"ምን ልስጥህ?" አለው።

"ሳሙና። ግራሶ የሚያስለቅቀውን።"

"ትልቁን ነው ትንሹን?"

"ትልቁን። ትንሹ ቶሎ ያልቅና እየመጣሁ አስቸግርሃለሁ።"

"እንግዲያው ትንሹን ውሰድ" አለው ሾፌሩ።

ወንድሜ ትንሹን ሳሙና ይዞ ተመለሰ።